የወፍጮ ቤቱ ሰው እንዴት ተመረጠ? ስለ አናሳ እጩዎች ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በቴሌግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበውና የመሰለህን ንገረኝ» ብሎ ጽፏል። ማታ አነበብኩት። ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። በስልክ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ጽሑፉ የሚያወራው ብዙ ብሔረሰብ ተቀላቅሎ በሚኖርበት አካባቢ፣ ቁጥሩ ካነሰ ወገን የሆነ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር ስለሚገጥመው ነገር ነው። ምሳሌዎቹ ከእኛው ከጎጃም ናቸው፤ ከአዊ ዞን፣ ከባሕር ዳር፣ ለረጅም ዘመን በጎጃም ሥር ከነበረው ከመተከል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ድምፅ የደም ነገር ስለሆነ አናሳው ቢወዳደርም አያሸንፍም። የአካባቢውን ነባር ሕዝብ ቋንቋ የማይናገር ሰው በሕግ መከልከል አለበት። የግድ ከተወዳደረም ስለ ማንነቱ ትንፍሽ ባይል ይሻለዋል። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ ለአናሳዎች ልዩ መቀመጫ ስለሰጠ እሱ ይበቃል። በመጨረሻ ደግሞ እንዲህ ያለ እጩ ሰላም ያደፈርሳል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ክፉ ሰው ናቸው ብዬም አላስብም። የፈሩ ይመስለኛል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን የሆነውን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ከፍርሃት የተነሳ የሚሰጥ ምክር ጎረቤቶቼን ከምርጫ ውጭ የሚያደርግ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም።

እኔ ያደግሁት አዊ ዞን ውስጥ፣ ቻግኒ ነው። አባቴ የዳሞት ሰው ነው። እናቴ አገው ናት። እናቴ ቤት ውስጥ አገውኛ ታወራኛለች፣ ገበያ ስንወጣ አማርኛ። ጸሐፊው «የወረዳውን ሕዝብ በብሔር ቁጠር፣ የምርጫው ውጤት እጅህ ላይ ነው» ሲሉ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «እኔስ የት ልቆጠር ነው?» የሚል ነበር።

እስቲ እንዳሉት እንቁጠር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዊ ዞን ነዋሪ አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከመቶው 60 ያህሉ አገው ነኝ ብሏል። 38 ያህሉ አማራ ነኝ ብሏል። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊው ሒሳብ ይሠራል። ግን ያው ቆጠራ ስለ ቋንቋም ጠይቋል። አፉን በአገውኛ የፈታው ከመቶ 45 ያህል ነው። በአማርኛ የፈታው 53 ያህል። አገው ነኝ ካለው ሰው ቀላል የማይባለው እናቱ አማርኛ እያወራችው ያደገ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ለደሙ ነው ለአፉ? ወይስ ባለፈው ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ አብሮት ድንጋይ ለተሸከመው ሰው?

መተከል ሲደርስ ሒሳቡ ጨርሶ ይፈርሳል። በዚያው ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ጉሙዝ 37 ከመቶ ገደማ ነበር። ሽናሻ 22 ገደማ፣ አማራ 17 ገደማ፣ አገውና ኦሮሞ ደግሞ እያንዳንዳቸው 11 ገደማ። ግማሽ የሞላ የለም። ሁሉም አናሳ ነው። ይህ የዞን ቁጥር ስለሆነ ወደ ወረዳ ስንወርድ መልኩ ይለያያል። ፓዌን ያየ ሰው ያውቀዋል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሃዲያ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያ አሉ።

የእኛ የምርጫ ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ነው። ግማሽ መሙላት አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መብለጥ ይበቃል። ጸሐፊው ይህን ለአናሳው እንደ መርዶ አቅርበውታል። እኔ ሌላም ነገር አይበታለሁ። ወገኑ 37 ከመቶ የሆነ እጩ፣ የቀረው ድምፅ ከተበታተነ፣ የራሱን ሰው ብቻ አናግሮ ሊያሸንፍ ይችላል። ወገኑ 11 ከመቶ የሆነ እጩ ግን ያ መንገድ ዝግ ነው። የግድ የጎረቤቱን በር ማንኳኳት አለበት። የሽናሻውን አዛውንት ማናገር አለበት። የጉሙዟን እናት ውሃ የምትቀዳበት ድረስ መሄድ አለበት። ሁሉንም መንደር አዳርሶ የሚያውቀው እጩ ብዙ ጊዜ ወገኑ ትንሹ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከምርጫው ቢወጣ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። የፓርላማ ነገር አይደለም፣ የእድር ነው። ግን እድር ውስጥ ያልታየ የምርጫ ጠባይ ወረዳ ላይ አይታይም።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮውን የሚያሠራው ሰው በልጅነቱ ከከምባታ ወደ ፓዌ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር የመጣ ነው። አማርኛው ላይ የአገሩ ቅላጼ አለ። በሰፈሩ ከእሱ ቤተሰብ ሌላ ከምባታ አልነበረም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ሲሞት እሱ እወዳደራለሁ አለ። አባቴ ማታ ቤት ሲገባ «ያ ሰውዬ ምን ነካው?» ያለው አይረሳኝም። ክፋት አልነበረም። ግራ ገብቶት ነው።

ሰውዬው ምን እንዳደረገ በኋላ ነው የገባኝ። ቀድሞ የሄደው ሊቃወሙት ወደሚችሉት ቤት ነው። ወዳጆቹን አስቀድሞ አልሰበሰበም። አባቴ ዘንድም መጣ። ቡና ተፈላ። ስለ ምርጫው ያወራው መጨረሻ ላይ፣ ሊወጣ ሲል፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት የእድሩ ንብረት ያዥ ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑ በእጁ ነበር። የስብሰባው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ። የጠፋውን ሰሃን፣ የተቀደደውን ድንኳን፣ ለማሰፊያ የተከፈለውን ብር አንድ በአንድ አነበበ። አንድ ሰው ከኋላ «ነገ አገሩ ቢገባስ? ብራችንን ከየት እናመጣለን?» አለ። ዝም ተባለ። ያኔ አንዲት የአገው እናት ተነሱ። በአገውኛ ነው የተናገሩት። «ይህን ያህል ዘመን እህሌን አስፈጭቼበታለሁ፤ ዱቄቴን አጉድሎብኝ አያውቅም» አሉ። አጠገባቸው የነበረ ጎረምሳ በአማርኛ ደገመው። እጅ ወጣ። አባቴም እጁን አወጣ።

እዚያ ቦታ ላይ ሰው ሲቆጥር የነበረው ዱቄት ነው። ደም አልቆጠረም።

ይህ በእድር ብቻ የሚሆን ነው የሚል ካለ ደግሞ ሩቅ አገር ሄደን እንይ። ሮማኒያ ውስጥ ሲቢዩ የምትባል ከተማ አለች። በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ክላውስ ዮሃኒስ የሚባል የጀርመን ዝርያ ያለው የፊዚክስ መምህር ከንቲባ ለመሆን ተወዳደረ። በከተማዋ የቀሩት ጀርመኖች ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የተወዳደረውም በእነዚያው ጀርመኖች ማኅበር ስም ነው። አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲወዳደር ከመቶ 88 በላይ ድምፅ አገኘ። ጀርመኖቹ ሁሉ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ድምፅ ቢሰጡት እንኳ ሁለት ከመቶ ነው። የቀረውን የሰጠው ሮማኒያዊው ጎረቤቱ ነው። የሰጠውም መንገድ ስለተጠገነ፣ አሮጌው ከተማ ስለታደሰ፣ ሥራ ስለመጣ ነው። በ2014 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተቃዋሚው ራሱን እውነተኛ ሮማኒያዊና ኦርቶዶክስ አድርጎ አቀረበ። ዮሃኒስ ሉተራን ነው። እሱ ግን ስለ ሥራ ጥራት ማውራቱን አልተወም፤ አሸነፈም። በፕሬዚዳንትነት ዘመኑ ብዙ ሰው አዝኖበታል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው «አያሸንፍም» ላሉት ግን መልስ ይሆናል።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። ጸሐፊው «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ የማይችል እጩ መመዝገብ የለበትም ይላሉ። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ተሞክሯል። እንዴት እንዳለቀም ይታወቃል።

በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነባር ከሚባሉት አምስቱ ብሔረሰቦች ውጭ የሆኑ ነዋሪዎች እጩ አቀረቡ። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሽናሻ፣ ከማኦና ከኮሞ ያልሆኑ ማለት ነው። የነባሮቹን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ታገዱ። መነሻው የያኔው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 111/1987 ነበር። እጩ የክልሉን ወይም የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት የሚል አንቀጽ ነበረው። አቤቱታው ሕገ መንግሥቱን ወደሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ በ1995 ውሳኔ ሰጠ። አንቀጹ እንዳለ ይቆይ፣ ከእጩ የሚጠበቀው ግን የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ማገዱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ተባለ። ፍርዱ ሲመጣ ግን ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። እነዚያ እጩዎች ያን ጊዜ አጥተውታል። መራጮቻቸውም አብረው አጥተዋል።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ አላነሱም። ባያውቁት ይሆናል። ካወቁት ግን መነሳት ነበረበት።

ወፏ አገሯን ታውቃለች፣ ልክ ነው። ፓዌ ተወልዶ፣ ፓዌ ተምሮ፣ አባቱን ፓዌ የቀበረ የከምባታ ልጅ አገሩ የት ነው? ከምባታን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። የት ሄዶ ይጩህ?

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቋንቋ ክብር ነው። ሕግ አድርገን በር መዝጊያ ስናደርገው ነው የሚበላሸው። በ2013ቱ ምርጫ ጊዜ ስለ መራጭነት ለማስተማር በገጠር ቀበሌዎች ስዞር ሁለት እጩዎች አየሁ። አንደኛው አማርኛ ብቻ ተናጋሪ ነው። አስተርጓሚ ይዞ መጣ። እሱ አሥር ደቂቃ ይናገራል፣ አስተርጓሚው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተነገረን ሌላ ነው፣ የተተረጎመልን ሌላ ነው አሉ። ሁለተኛውም አማርኛ ተናጋሪ ነው። እሱ ግን የአገውኛ ሰላምታ ተምሮ ነው የመጣው። ሲናገር አንዱን ቃል ሳተው። ከፊት የተቀመጡት አዛውንት አረሙት። ቆሞ ደግሞ አለው። ከዚያ «የቀረውን በአማርኛ ልቀጥል፣ ይፈቀድልኝ?» አለ። ተፈቀደለት። ጸጥ ብለው ሰሙት። ማንም በሕግ አላስገደደውም። ራሱ አስቦበት ነው።

የቅስቀሳ ሰዎች የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ። ቋንቋ በተደባለቀበት አካባቢ የምርጫ ምልክት ትልቅ ሥራ ይሠራል። የኢሕአዴግን ንብ፣ የብልጽግናን አምፖል ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ለይቶ ያውቃል። የግል ተወዳዳሪ ግን ምልክቱን ከባዶ ማስተማር አለበት። አናሳ የሆነ የግል እጩ ከሆነ ደግሞ ሥራው እጥፍ ነው። ምልክቱን በየገበያው፣ በየቋንቋው ስሙን እየጠራ ማሳየት አለበት። ለዚህ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሞተር ይጠይቃል። ምርጫው ሰኔ ላይ ሲሆን ደግሞ ጭቃ አለ፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው። አናሳውን እጩ የሚጥለው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ከደሙ በፊት እነዚህን እቆጥራለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ለአናሳው እጩ እንደ ወንድም ሊመክሩ ሞክረዋል። «ማንነትህን አታንሳ፣ ስለ ልማት ብቻ አውራ» ይላሉ። ስለ ልማት አውራ የሚለውን እቀበላለሁ። በ2015 ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲጮህ አገውና አማራ ተብሎ አልተለየም። እንዲህ ያለውን የጋራ ጉዳይ የያዘ እጩ ሰሚ ያገኛል። ማንነትን መደበቅ ግን በእኛ አገር የማይሆን ነገር ነው። እኛ የምንኖረው ሰው የሰውን አያት በስም በሚያውቅበት አገር ነው።

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሚኖሩትን ወይጦዎች አስቡ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ የሚናገሩት እንደ እኛው አማርኛ ነው። ሙስሊሞች ናቸው። በጥንት ዘመን ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር እስከ ዛሬ ድረስ ስንት ነገር ይባሉበታል። አብሯቸው የማይበላ ጎረቤት ነበር፣ አሁንም አለ። አንድ የወይጦ ወጣት ለቀበሌ ምክር ቤት ቢወዳደር ምን ብሎ ይደብቀው? ቋንቋው ከጎረቤቱ አይለይም። ሆኖም ሁሉም ያውቀዋል። ዝም ቢል ሌላው ነው በሹክሹክታ የሚናገርለት። ሹክሹክታ ደግሞ መልስ አይሰጥበትም። እሱ ራሱ ተነስቶ «እኔ የወይጦ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከዚህ ሐይቅ ነው ያሳደገኝ፤ ሐይቁ ሲቆሽሽ ቀድሞ የሚያመኝ እኔን ነው» ቢል ግን ነገሩ ይቀየራል። ስለ ጣና የሚያስብ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያዳምጠዋል። ማንነቱና የሕዝቡ ጉዳይ አንድ ላይ ገጠሙ። እኔ ከልቤ የምመኘው ያን ቀን ማየት ነው።

ለንደን ላይ ሳዲቅ ካን ያደረገው ይኸው ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለከንቲባነት ሲወዳደር የተቃዋሚው ቅስቀሳ ከአክራሪዎች ጋር ሊያገናኘው ሞክሯል። እሱ ሙስሊም መሆኑን አልሸፈነም። ወላጆቹ ከፓኪስታን መምጣታቸውን፣ አባቱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እናቱ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን በየመድረኩ ተናገረ። ወዲያው ደግሞ የትራንስፖርት ዋጋ እንዳይጨምር አደርጋለሁ፣ የቤት ችግር ላይ እሠራለሁ አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ስለ አውቶቡስ ዋጋ ሲያወራ ሰው አመነው። በመጨረሻው የድምፅ ቆጠራ 57 ከመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። የከተማዋ ሙስሊም ያኔ ከመቶ 12 ወይም 13 ያህል ነበር።

ስለ ልዩ መቀመጫው አላስረዝምም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ ይሰጣል ይላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የፌዴራል ምክር ቤት ነገር ነው። ቻግኒ ያለውን ከምባታ፣ መተከል ያለውን አማራ፣ ኮሶበር ያለውን ወሎዬ አይመለከትም። የቀበሌ ውሃ ላይም አይወስንም። ደግሞ ልዩ መቀመጫ ባለበት አገርም ቢሆን ቅስቀሳ አይቀርም። ሕንድ ውስጥ ከ543 የምክር ቤት ወንበሮች 84ቱ ለተገፉት ጎሳዎች፣ 47ቱ ለነገዶች የተያዙ ናቸው። እጩው ከእነሱ ይሁን እንጂ ድምፅ የሚሰጠው ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ነው። የተያዘለት ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ሰው የሌላውን በር ማንኳኳት አለበት።

በጣም ያሳዘነኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው። «አናሳው ሲወዳደር ብዙኃኑ ይከፋል፣ ከዚያ ደም ይፈስሳል» ይላሉ ጸሐፊው፤ መተከልን ምሳሌ ያደርጋሉ።

መተከልን አውቀዋለሁ። የእናቴ ዘመዶች እዚያ አሉ። መተከል የሚለው ስም ራሱ «ሰባቱ ቤት አገው» ከሚባሉት የአገው ነገዶች የአንዱ ነው። በ2012ና በ2013 እዚያ የሞቱት ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ አይደሉም። አማራ ሞቷል፣ አገው ሞቷል፣ ሽናሻ ሞቷል፣ ኦሮሞ ሞቷል፣ ጉሙዝ ሞቷል። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን ለጸሐፊው መንገር ያለብኝ ነገር አለ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ድምፅ በሚሰጥበት ሰሞን አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 አገሩ ሲመርጥ መተከል አልመረጠም። ጸጥታው አልፈቀደም። እስከ ሰኔ 16 ቀን 2016 ድረስ ጠበቀ። አናሳ እጩ በዝቶ መተከል ደፈረሰ የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም። በተቃራኒው በክልሉ «ነባር» እና «መጤ» የሚባል ቃል ሰውን ለሁለት ከፍሎ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። በ1992 እጩዎቹ የታገዱትም በዚያው አጥር ነው።

ፍርሃትን ማስነሳት ግን የታወቀ የምርጫ ዘዴ ነው። በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቶም ብራድሌይ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ለሎስ አንጀለስ ከንቲባነት ተወዳደረ። የከተማዋ ጥቁር ሕዝብ ከመቶ 18 ያህል ነበር። በመጀመሪያው ዙር መራ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የነበረው ከንቲባ ሳም ዮርቲ ፍርሃት ለቀቀ። ብራድሌይ ከተመረጠ አክራሪዎች ከተማዋን ይይዛሉ፣ ፖሊሱ ሥራ ይለቃል ተባለ። ብራድሌይ እኮ ራሱ 21 ዓመት ፖሊስ የነበረ ሰው ነው! ተሸነፈ። አልተወውም። አራት ዓመት ሙሉ በነጮቹ ሰፈር፣ በአይሁዶቹ ሰፈር፣ በሌሎቹም ሰፈር ዞረ። ሰው በአካል አወቀው። በ1973 ከዚያው ሰው ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ። 20 ዓመት ከንቲባ ሆነ። ፖሊሱም ሥራ አልለቀቀም።

ጸሐፊው ልክ ያሉበትን ደግሞ ልንገር። አንዳንድ አናሳ እጩ «እስከ ዛሬ እነሱ በሉ፣ አሁን የእኛ ተራ ነው» እያለ ይቀሰቅሳል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አናዶኛል። እንዲህ የሚል ሰው የሚጎዳው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ቅን ሰው ነው። ከብዙኃኑ ወገን ሆኖ ይህን የሚልም አለ፣ እሱን ግን «ሰላም ያደፈርሳል፣ አይወዳደር» የሚለው የለም። ጥፋቱ የንግግሩ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን እንያቸው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ሕግ አለን። የሚነካው ተናጋሪውን እንጂ ወገኑን ሁሉ አይደለም።

ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ይጠይቃሉ፤ «እነዚህ ሰዎች ማን ያውቃቸዋልና ነው በቀጥታ ለትልቅ ወንበር የሚመጡት?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እሳቸው ያሰቡት አይመስለኝም። ሰው የሚታወቀው ከታች ነው። ቀበሌ ላይ፣ ወረዳ ምክር ቤት ላይ። ውሃ ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ፣ ለቅሶ ደርሶ፣ ደቦ ወጥቶ። የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ግን በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል። አንድ የወይጦ ወጣት፣ አንዲት የጉሙዝ መምህርት፣ አንድ የከምባታ ባለ ወፍጮ ሥራቸውን ለጎረቤታቸው አሳይተው የሚወጡበት መሰላል የታችኛው እርከን ተነቅሏል። ከዚያ ለምን በአንዴ ላይ ይዘላሉ ይባላሉ። እኔ ጸሐፊው ብዕራቸውን እዚህ ላይ ቢያነሱ ደስ ይለኝ ነበር። አብሬያቸው እጽፍ ነበር።

የወፍጮ ቤቱ ሰው አሁን አርጅቷል። ወፍጮውን ለልጁ ሰጥቷል። ገንዘብ ያዥነቱን ግን የእድሩ ሰው እንዲተው አልፈቀደለትም፤ ዐይኑ ደክሞ ነው የተወው። በመጨረሻው ስብሰባ ደብተሩን ያነበበለት ያ በአገውኛ የተነገረውን በአማርኛ የደገመው ጎረምሳ ነው። እሱም አሁን የልጆች አባት ሆኗል። ደብተሩን የተረከበውም እሱ ነው።